ቴንደር ያሉ ዕለት

ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን እየሠራች «እማዬ፣ ሶፍትና ቴንደር ሁለቱም ለስላሳ ማለት ከሆነ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለችኝ። ቃሉን ስሰማ የአርብ ገበያው ጤና ጣቢያ የበረኪና ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ሆዱን ሲቆርጠው ሰንብቶ ስለባሰበት ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው አደረሱት። ሐኪሙ ሆዱን ጫን ሲያደርገው አባቴ ጮኸ። ሐኪሙም ወደ ነርሷ ዞሮ በእንግሊዝኛ ሲናገር «ቴንደር» የምትለዋን ብቻ ለየኋት። የእንግሊዝኛ መምህራችን ቃሏን ያስረዱን በጥጃ ሥጋ ለስላሳነት ነበር።

«ምን አሉ ልጄ?» አለችኝ እናቴ ክንዴን ጨብጣ።

«ቴንደር ነው አሉ። ለስላሳ ማለት ነው።»

«ተመስገን! እኔ እኮ ሆዱ እንደ ድንጋይ የደረቀ መስሎኝ ነበር» ብላ መሬቱን ሳመች።

ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ላኩን። መኪናው ውስጥ እናቴ የአባቴን ራስ ታቅፋ «አይዞህ፣ ቴንደር ነው ብለዋል» እያለች ታጽናናው ነበር። እሱም አምኗት ፈገግ ለማለት ሞከረ። ንፋስ መውጫ ሳንደርስ አረፈ።

ቃሉ ሲነኩት የሚያም ማለትም እንደሆነ ያወቅኩት ኮሌጅ ገብቼ ነው። እናቴ ግን እስካሁን አታውቅም። ዛሬ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ ስለ አባቴ አሟሟት ለጠየቃት ሁሉ «ሕመሙስ ቴንደር ነበር፤ መንገዱ ነው የገደለብኝ» ትላለች።

ልጄ መልሴን ትጠብቃለች። መደቡ ላይ ጋደም ያለችው እናቴም ቃሉን ሰምታ ቀና ብላለች።

«ልዩነት የላቸውም» አልኳት ለልጄ።