ለጋሼ የቀለብኳት መኪና

ባሌ ካረፈ በኋላ በስሙ የተገኘው ንብረት አንዲት መኪና ብቻ ነበር። ወፍጮ ቤቱ በታላቅ ወንድሙ ስም ነው። የእህል መጋዘኑም እንደዚያው። ባሌ ወንድሙን ስለሚያምን የንግድ ፈቃዱ በማን ስም ይውጣ ብሎ ተጨንቆ አያውቅም። ወንድሙ ግን ተጨንቆበት ኖሯል።

ይህን የባሌን ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ አሁንም እንደዚያው። እዚህ ግን እሱ እያልኩ እጽፋለሁ። ይህን ያህል ለራሴ ፈቅጃለሁ።

ወፍጮ ቤቱ ያለው አዳማ ውስጥ፣ ወደ ወንጂ መገንጠያው አጠገብ ነው። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሲሠራም ትንሿን ልጄን አዝዬ ለሠራተኞቹ ምሳ አመላልሻለሁ። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ እዚያ አስፈጫለሁ፤ በከረጢት አሽጌም ለአዳማና ለቢሾፍቱ ሱቆች አከፋፍላለሁ። ልጆቼ ያደጉት በዚያ ወፍጮ ነው። የባሌ አርባ እንደወጣ ጋሼ ሽማግሌ ሰብስቦ ወረቀቱን አወጣ። ሽማግሌዎቹ አነበቡት፣ አንገታቸውንም ደፉ። ከማኅተም ጋር የሚከራከር ሽማግሌ የለም።

«መኪናዋ ያንቺ ናት» አለኝ። «እሷንም ቢሆን አትችያትም። ለእኔ ሽጪልኝና ተገላገዪ።»

ዋጋውን ሲጠራ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ሳል ያዘው።

መኪናዋ ጥቁር የጀርመን ሥሪት ናት። ስምንት ሲሊንደር፣ ሁለት ቱርቦ። ባሌ የገዛት ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ለእሑድና ለሰርግ ካልሆነ ከግቢ አያወጣትም ነበር። ስትነሳ ድምፅዋ የጎረቤቱን መስኮት ያንቀጠቅጣል። ጋሼ ቁልፏን ስንት ጊዜ ለምኖታል። ባሌ በሳቅ ያልፈዋል። «አንተ ጤፍህን ንዳ» ይለዋል።

አልሸጥም አልኩት።

በእርግጥ ለሌላ ሰው ልሸጣት አስቤ ነበር። ደላላ ጠራሁ። መጣ፤ ዞሮ አያት፤ ጋሼ የጠራውን ዋጋ ጠራ። ሌላ ጠራሁ። እሱም ያንኑ። ሦስተኛው አዛውንት ቢጤ ነበር፤ ውሃ አቀረብኩለት። ጠጥቶ ሲጨርስ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ አይድከሙ» አለኝ። «ጋሼ ‹ማንም እንዳይነካት፣ ርቧት ራሷ ይዛልኝ ትመጣለች› ብለውናል።»

በዚያው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ብዙ አልለመንኩም። «ጌታዬ፣ ልጆቼን አንተ ጠብቅ፤ ይህን ሰው ለእኔ ተወው» አልኩና ተመለስኩ።

በማግስቱ መኪናዋን አስነሥቼ ልጆቼን ትምህርት ቤት አደረስኩባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዘወትር መኪናዬ ሆነች። ገበያ በእሷ፣ ቤተ ክርስቲያን በእሷ፣ ቢሾፍቱ ሽሮ ማድረስ በእሷ። የኋላ ወንበሯ ለሚኒስትር የተሠራ ይመስላል፤ እኔ በርበሬ ጫንኩበት። ገብቶ ያላስነጠሰ ሰው አልነበረም።

መኪና እንደ ሕፃን ነው ሲሉ እሰማ ነበር። ሕፃን ግን እያደር ምግቡን ይለምዳል። ይህቺ አዳማን አልለመደችም። ጎማዋ ስስ ነው፤ ከቸርኬው በላይ ያለው ጎማ የጣት ርዝማኔ አይሞላም። የከተማችንን ጉድጓድ ደግሞ የምናውቀው እኛ ነን። መጀመሪያ የተቀደደ ጊዜ ጎሚስታው አገላብጦ አየው፣ ጣቱን በቀዳዳው አስገብቶ አሳየኝ። «ይሄ አይለጠፍም እናቴ። አዲስ ነው የሚገዛው። እሱም አዲስ አበባ ከተገኘ።» ተገኘ። በዋጋው አንዲት ጥጃ ትገዛ ነበር።

ከዚያ ዘይቷ። ሌላው መኪና የሚጠጣውን እጥፍ ትጠጣለች፣ ያውም ውዱን። ከዚያ የፍሬን ሸራዋ። ከዚያ ካንዴላዋ፤ ስምንቱም በአንድነት ነው የሚቀየረው። ዳሽቦርዷ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፤ ምን እንደሆነ የሚያነብ ኮምፒውተር አዳማ የለም። ሙቀታችን ሲበረታ ማራገቢያዋ መኪናዋ ከቆመችም በኋላ ሲጮህ ይቆያል። ቤንዚኑን ከመናገር ዝም ማለት ይሻላል። ማደያ ወረፋ ላይ ቆማ እንኳ ትጠጣለች።

የጋራዡ መካኒክ ከአሰላ በኩል የመጣ ኦሮሞ ነው፤ አዴ እያለ በአክብሮት ይጠራኛል። አንድ ቀን ከሥሯ ወጥቶ እጁን እየጠረገ «አዴ፣ ይህን ሁሉ ለአንድ ልጅ አውጥተሽ ቢሆን ሐኪም ሆኖ ይጦርሽ ነበር» አለኝ።

«ትጦረኛለች» አልኩት።

ሣቀ። እኔ አልሣቅኩም።

መንገድ ላይ ደግሞ መሣቂያ ነበርኩ። ፍጥነት መቀነሻው ሆዷን እንዳይፈቀፍቃት በሰያፍ፣ ቀስ ብዬ ነው የማሳልፋት። ከኋላዬ ባጃጅ ይደረደራል። አንዱ ባለ ባጃጅ ከጎኔ መጥቶ አንገቱን አወጣ።

«ማዘር! ይቺ ነገር ትበራለች ሲሉ ሰምቼ ነበር። ክንፏን ሸጡት እንዴ?»

«ለጎማ» አልኩት።

በቤታችን ጾም ሲገባ እንጂ ሲፈታ የማይታወቅበት ጊዜ መጣ። በዓለ ሃምሳ እንኳ ሽሮ ነው የምንበላው። ትንሿ ልጄ አንድ ቀን ሳህኗን አየት አድርጋ «እማዬ፣ መኪናችን ጾም የላትም እንዴ?» አለችኝ። ታላቂቱ በክርኗ ጎሸመቻት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንኛቸውም ባዶ ሆዳቸውን አላደሩም። እኔ ግን ያቺን ቃል አስቀመጥኳት። የማስቀምጠው ለጋሼ ነበር።

በርበሬዬን የማስፈጨው እዚያው ወፍጮ ነው፤ በቅርብ ሌላ የለም። እንደማንኛውም ሰው ወረፋ እይዛለሁ፤ እንደማንኛውም ሰው እከፍላለሁ። ጋሼ በሩ ላይ በወንበር ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ባለ መርከቧ መጣች!» ይላል ለሴቶቹ። «አሳልፏት እንጂ፣ የሀብታም ሰው ጊዜ ውድ ነው።» ሴቶቹ ያፍራሉ። ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ድንጋዩ ይረፍ ብሎ ማሽኑን ያስቆማል። ቆሜ እጠብቃለሁ። ድንጋዩ በወጉ ከተወቀረ መቆየቱን ከድምፁ አውቀዋለሁ። ፈጪው ተሰላችቷል። ወፍጮዬ በዓይኔ ፊት እየሞተ ነበር።

አንድ ማለዳ በጋሼ መጋዘን በኩል ሳልፍ አንድ ነገር አየሁ። ከገበሬ ጋር እህል ይዋዋል ነበር፤ የመኪናዋን ድምፅ ሲሰማ ንግግሩን አቋረጠ። ወደ እኔ አልዞረም። ጆሮውን ብቻ አዞረ። ድምፅዋ እስኪጠፋ ገበሬው እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

ያኔ ገባኝ። እኔ ስሸነፍ ማየቱን ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ መኪናዋን ይወዳታል።

ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ላቫጆ አለ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የማሳጥባት እዚያ ነው። አጣቢዎቹን ሰም ቀቧት እላለሁ። ሲጨርሱ ሞተሩን አስነሣና ትንሽ አስጮሃታለሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። በኋላ ማሳያ መስታወቱ አየዋለሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ ይሸኘኛል። እንግዲህ ያን ሁሉ ጎማና ዘይት ለማን እንደምገዛ ከዚያ ቀን በኋላ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሰው በሬውን ለበዓል እንደሚቀልብ እኔም እሷን ለጋሼ ቀለብኳት።

ጥምቀት አልፎ የሰርግ ወራት ሲደርስ ጋሼ የበኩር ልጁን ሊድር ቀን ቆረጠ። ሽማግሌዎች ላከብኝ፤ ራሱም ተከትሎ መጣ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ የሰፈራችን ኦሮሞ አዛውንት ናቸው፤ ወረቀቱ በተነበበበት ቀን ሳል የያዛቸው እሳቸው ነበሩ።

«ልጄ፣ ሙሽራው የሚሄድባት መኪና ፈልጎ ነው» አሉኝ። «ለሰርጉ ቀን ይከራያት።»

«አላከራይም፣ አባባ።»

«ሽጪለት እንግዲያ።»

«አልሸጥም። በወፍጮው እለውጣለሁ።»

ጋሼ እንዳይሥቅ ከንፈሩን ነከሰ። ወፍጮው በእሱ ዓይን ያለቀለት ዕቃ ነበር። መብራት ይጠፋበታል፤ ድንጋዩ ተበልቷል፤ ደንበኛውም እየሸሸ ነው። ሥራውን የማያውቅ ሰው እጅ ገብቶ እንደሞተ ግን አያውቅም።

«ውል ይጻፍ» አለ ወዲያው። «ሴት ናት፣ ነገ ታለቅስብናለች። እለውጣለሁ ብሎ ያፈረሰ የወፍጮውን ግምት ያህል ይቀጣ። ዋስም ይጠራ።»

«ትስማሚያለሽ?» አሉኝ አዛውንቱ።

«እስማማለሁ።»

ጥቂት አሰቡና በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ሰው ላም ሲለውጥ እንኳ ትራገጥ እንደሆነ ይናገራል። ያለባትን ሁሉ ንገሪው።»

ተነሥቼ ቆምኩ። «ጎማዋ አዳማ አይገኝም። ከተቀደደ አይለጠፍም። ዘይቷ የሌላው መኪና እጥፍ ነው። የፍሬን ሸራዋ ቶሎ ያልቃል። የመንገዱን ጉድጓድ የሚያለዝብላት የፊት ሾኳ ከተበላሸ እዚህ የሚሠራው የለም፤ ዋጋውም የጎማውን ያስንቃል። ብዙ ትበላለች፣ ጋሼ።» በሽማግሌ ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። አንድም ነገር አልደበቅኩም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ አዛውንቱም።

ጋሼ ጭኑን መትቶ ሣቀ። «ሴት ስትነዳው የማይቀደድ ጎማ አለ? የወንድሜን መኪና ለእኔ ታስተዋውቂኛለሽ እንዴ!»

«መካኒክ ይያት?» አሉት አዛውንቱ።

«ምን ሊያይ? እኔ በድምፅዋ አውቃታለሁ።»

«ቶሌ» አሉ አዛውንቱ፤ ይሁን ማለታቸው ነው። ፈረምን። ቁልፏን በሁለት እጄ አቀረብኩለት። የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ በአንድ እጁ ወረወረልኝ።

የሰርጉ ዕለት ከአጀቡ ፊት እሷ ነበረች፤ በአበባ ተሸፍናለች። በወፍጮ ቤቱ በኩል ሲያልፉ ጋሼ ራሱ እየነዳ አስጮሃት። ሠራተኞቼ ፊቴን አዩኝ። እልል አልኩ። ከልቤ ነው እልል ያልኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እልልታ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ድንጋዩን አስወቀርኩ። ተሰላችቶ የሄደውን ፈጪ ፈልጌ መለስኩ። መብራት ሲጠፋ እንጠብቃለን፤ ሲመጣ እንፈጫለን። ለፋሲካ በግ አረድን። ትንሿ ልጄ አጥንቱን ይዛ «ጾሙ አሁን ተፈታ» አለች። ተመስገን።

ጋሼንም ያን ጊዜ መብላት ጀመረች። መኪናዋን ማለቴ ነው። ሁሩታ ከተማ እህል ሊገዛ፣ ሊታይባትም ሄዶ በአንድ ቀን ሁለት ጎማ ቀደደ፤ በጭነት መኪና ተጭና ነው የተመለሰችው። ዘይት የለወጠላት ቀን ጋራዡ ውስጥ መካኒኩን ሌባ ብሎ ሲሰድበው ጎረቤት ሰምቷል። ሊሸጣት ደላሎቹን ጠራ። ደላሎቹ መጡ፤ ዞረው አዩዋት፤ ራሱ ያስተማራቸውን ዋጋ ጠሩለት። ሽማግሌዎቹን ልኮ ልውውጡ ይፍረስልኝ ሊል ቢሞክር አዛውንቱ «ቅጣቱን አንተ ነህ የጻፍከው» ብለው በትራቸውን አነሡ።

የንስሐ አባቴ ነገሩን ሰምተው ጠየቁኝ። «ይቅር ብለሽዋል?»

«ብያለሁ፣ አባ። ሰላም እለዋለሁ፤ ቢታመም እጠይቀዋለሁ። መኪናዋን ግን አልመልስለትም።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝና «እውን ጎማዋ ያን ያህል ነው?» አሉኝ።

«ከዚያም በላይ ነው፣ አባ።»

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሼ ራሱ ወፍጮ ቤት መጣ። የመጣው በባጃጅ ነው። ወረፋ የያዙት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ተነሣሁ። «ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብዬ ያንኑ ወንበሩን አቀረብኩለት። ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የሰዉ ሁሉ ጤፍና በርበሬ ተፈጭቶ እስኪያልቅ እዚያው ተቀመጠ። ልብሱ በዱቄት ነጣ። መርከቧ የት ሄደች አላልኩትም፤ ሴቶቹ ግን በነጠላቸው ውስጥ ሲሥቁ ሰምቷል።

ሰው ሲያልቅ ቀና አለ። «መልሺልኝ ልልሽ አልመጣሁም» አለ። «አንድ ነገር ንገሪኝ። እኔን እህል ነጋዴውን እንዲህ አድርጋ አከሳችኝ። አንቺ ያለ ምንም ነገር ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻልሻት?»

«እርስዎን እያየሁ» አልኩት።

ቆሞ አየኝ። መልሱ እስኪገባው ጠበቅኩ። ሲገባው አየሁ፤ ሐሳቡ ወደ ላቫጆው፣ ወደ ቅዳሜዎቹ፣ ወደዚያ ሁሉ ሰም ሄደ። ዱቄቱን ከልብሱ አራግፎ ወጣ። ባጃጁ አልጠበቀውም ነበርና በእግሩ ሄደ።

የሚገዛት ስላላገኘ አሁንም ይነዳታል። ማለዳ ወፍጮውን ሳስነሣ አንዳንዴ ከመንገዱ በኩል ስትመጣ እሰማታለሁ። ባለፈው ሳምንት ፍጥነት መቀነሻውን ስታልፍ ቋ የሚል ድምፅ አሰማች። እጄን ከዱቄቱ አውጥቼ አደመጥኩ። ደገመች።

«ምንድን ነው?» አለችኝ ጤፍ ልታስፈጭ የመጣች ጎረቤቴ።

«የፊት ቀኝ ሾኳ ነው» አልኩና አማተብኩ። ለእሱም ለእሷም ዕድሜ ይስጥልኝ ብዬ ወደ ወፍጮዬ ዞርኩ።