የጋሽ ዱጉማ ወይን ጠጅ ነጠላዎች

አቃቂ ውስጥ ጋሽ ዱጉማን ሰላም ብሎ በጊዜ ቤቱ የገባ ሰው የለም። በአንድ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ኬሚስትሪ ተምረዋል፤ መማራቸውን የማያውቅ ወያላ የለም። «አሮማቲክ ኒውክሊዮፊሊክ ሰብስቲትዩሽን» የሚለውን የማቅለሚያ ሂደት ስም ግማሹ ሰፈር ሳይወድ በግዱ ሸምድዶታል።

«ቀለሙ ውስጥ ቀለበት አለ» ይላሉ። «ቀለበቱ ላይ ክሎሪን ተቀምጧል። ጎረቤቶቹ ናይትሮጅኖች ኤሌክትሮኑን ወደ ራሳቸው ስለሚስቡ ቀለበቱ ተርቧል። ጥጥ ሶዳ ሲያገኝ ይደፍራል፤ መጥቶ ቀለበቱን ይይዛል፣ ክሎሪን ወንበሩን ለቆ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቀለምና ጥጥን ሞት እንጂ ውሃ አይለያቸውም!» ይህን ሲሉ እንባ ይተናነቃቸዋል።

ልጃቸው ትንቢት ልታገባ ስትል አንድ ነገር ለመነቻቸው። የቤተሰቡ ሴቶች አንድ ዓይነት ወይን ጠጅ ነጠላ ሊለብሱ ነው፤ ነጠላዎቹን አባቷ በገዛ እጃቸው እንዲያቀልሙላት ፈለገች። ልጅነቷን ሙሉ ስለ ሥራቸው ሲያወሩ ሰምታለች፤ ለእሷ ሲሠሩ ግን አላየችም። ጋሽ ዱጉማን ደስታ ሊገድላቸው ደረሰ።

የማቅለሙ ዕለት ገንዳው ውስጥ ቀለሙ ገባ፣ ሶዳውም ገባ። ሶዳ ከገባ ጨርቁ ወዲያው መነከር አለበት፤ ሶዳ ውሃንም ያደፋፍራል፤ ጥጥ ካልቀደመ ውሃው ራሱ ቀለበቱን ይይዛልና። ይሁንና ልክ በዚያች ሰዓት ለጉብኝት የመጡ ተማሪዎች በር ላይ ታዩ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሲሳይ እንዴት ይታለፋል? ጋሽ ዱጉማ ነጠላዎቹን ወንበር ላይ አስቀምጠው ቀለምና ጥጥ እንዴት እንደሚጋቡ ከሀ እስከ ፐ ተነተኑ። ጥጡ ወንበር ላይ ሆኖ አዳመጠ። ገንዳው ውስጥ ግን ውሃው ክሎሪንን አስነስቶ ቦታውን ያዘ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ነጠላዎቹ ተነከሩ፤ ሲወጡ ዓይን ይስባሉ። በሳሙና አፍልተው ቢያጥቧቸው ኖሮ ጥጡን ያልያዘው ቀለም ታጥቦ ጉዱ እዚያው ይወጣ ነበር። ሰዓት ስለሄደ ተዘለለ። «የኔን ቀለም ምን ማጠብ ያስፈልገዋል?» አሉ።

የሰርጉ ዕለት ድግሱ ባለበት ኮዬ ፈጬ ዝናብ ወረደ። አክስቶች በእርጥብ ነጠላቸው ሙሽራዋን ተራ በተራ አቅፈው ሳሙ። የትንቢት ነጭ ቬሎ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ወይን ጠጅ ሆነ፤ እናቷ ወይዘሮ አደሴ ኡኡ አሉ።

ጋሽ ዱጉማ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። አፋቸው ግን መች ያርፍና። «ልጄ፣ ውሃው ቀድሞ ነው፤ ጥጡ ሳይገባ ቦታውን ያዘና...»

ትንቢት እጃቸውን ያዘች። አልተቆጣችም፤ የባሰውም እሱ ነው።

«ውሃው ቦታውን ሲይዝ አንተ ምን ትሠራ ነበር አባዬ?»

ጋሽ ዱጉማ ልጃቸውን አዩ፤ ቬሎዋን አዩ። በሕይወታቸው ከሰጡት ሁሉ አጭሩ መልስ ይህ ነው፦

«እያስረዳሁ ነበር።»