አባዬና የአፕሉ ማርማላታ

አባዬ ዛሬ ሳህኑን ወደ እኔ ገፍቶ «ትንሽ ጨምሪልኝ» አለኝ። ማንኪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ነው የሚያዞረው። ሾርባ፣ አጥሚት፣ ገንፎ... ያልሞከርኩት የለም። በቃ፣ እኔም ደክሞኛል።

ዛሬ ከቢሮ ስወጣ ለገሃር አፕልና ፒር የሚሉትን ፍራፍሬ አየሁና ገዛሁ። ካዛንቺስ ቤት እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ልጬ ከታትፌ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል ጨምሬ ጣድኩት።

ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። (መብራትም እንደ አባዬ ሲያኮርፍ ምክንያቱን አይናገርም።)

ድስቱን እያየሁ እንባዬ ሊመጣ ሲል ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ደረሱ። «ከሰሌ ተቀጣጥሏል፣ አምጪው እኔ አማስለዋለሁ። አንቺ ጋደም በይ» አሉኝ። ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ስነቃ ማርማላታው ለስልሶ ጠረጴዛው ላይ ቀርቧል።

አባዬ አንዴ ቀመሰና «ምንድነው ይሄ?» አለ።

«አፕልና ፒር ነው።»

«ታዲያ እስከዛሬ በአጥሚት ስታሰቃዪኝ የከረምሽው ለምንድነው?»

የጨመርኩለትንም ጨርሶ ተኛ። እኔ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው የምጽፈው፤ ለመነሳት አቅም የለኝም።

እስቲ እናንተም አልበላም ያለ ሕመምተኛ ምን እንዳስበላችሁ ጻፉልኝ፤ ነገም ቁርስ አለ።