ክቡ ቤት ማዕዘን ሲወጣለት

ልጆቹ ሰሞኑን ቤቱን እያደሱ ነው። ቆርቆሮው ዝጎ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ የጭቃውንም ግድግዳ አፍርሰው በብሎኬት ሊያደርጉት ነው። እኔን ከአቧራው አርቀው ጎረቤት ዛፍ ስር አስቀመጡኝ። ምሳ ላይ ከበቡኝና አንዷ የልጅ ልጄ፣ “እማዬ፣ ይኼ ቤት ድሮ እንዴት ነበር? እስቲ ንገሪን” አለች። ከጠየቃችሁማ ልናገር።

እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባበት ክብ፣ የሣር ክዳን ነበር። አሁን ባጃጅ ደጃፍ ይደርሳል፤ ያኔ ከውጫሌ ዳገቱን በእግር ነው የምንወጣው። ባሌ ይመር፣ አላህ ይዘንለት፣ የእናቱ አንድ ልጅ ነበር። እናቱን እማ ሀዋን ሰው ሁሉ ያከብራቸው ነበር፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አልሰማሁም። ክዳኑ ግን አርጅቶ፣ በልግ ሲዘንብ ጥላሸት የያዘ ጠብታ ወጡ ውስጥ ጠብ ይል ነበር። እኔ ደግሞ፣ የልጅነት ነገር፣ ሐይቅ ገበያ ስሄድ ፀሐይ ላይ የሚያብረቀርቀውን ጣሪያ አይቼ ልቤ እዚያው ቀርቷል። ይመርን ነጋ ጠባ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ እያልኩ ነዘነዝኩት። ማሽላው ጥሩ የያዘ ዓመት እሺ አለኝ።

ጥር ላይ አናጢ መጣ። ቤቱን ዞሮ አየና ክብ ለቆርቆሮ አይመችም፣ ባለ አራት ማዕዘን ይሁን አለ። ያኔ እማ ሀዋ ጠየቁ።

“ክቡን እንዳለ ማልበስ አይቻልም?”

“እናቴ፣ ቆርቆሮ እንደ ሻሽ አይጠመጠምም።”

ሳቅን። እሳቸው ሁለተኛ አልጠየቁም።

ለደቦው እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። ቆርቆሮውን በትከሻ ሲያመጡት ዳገቱ ላይ ንፋስ እየገባበት ተሸካሚዎቹን ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። አሮጌው ሣር ሲወርድ ሁላችንም በጥላሸት ጠቆርን። ጭቃና ጭድ በእግሬ እየረገጥኩ፣ መሀል መሀሉን ንፍሮ እያቀረብኩ፣ ቀሪቦ እየቀዳሁ፣ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንዱ ጎረቤት ከጣሪያው ላይ፣ “ሙሽሪት፣ ከእንግዲህ ዝናብ ሲመጣ ባልሽን ብትሰድቢውም አይሰማሽም” እያለ ቀለደብኝ።

በገባን በሳምንቱ እማ ሀዋ መኝታቸውን ጓሮ ወዳለችው ማድ ቤት እንድናወጣላቸው ጠየቁ። ጭስ የበላት ክብ ጎጆ ናት። ይመር ቢለምናቸው እምቢ አሉ። እኔ ጨነቀኝ። አማቷን ከገዛ ቤታቸው አስወጣች መባል በኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አንድ ጠዋት ደጃቸው ቆምኩ።

“እማ፣ በድዬዎት ከሆነ ይንገሩኝ። ሰው አባረረቻቸው እያለኝ ነው።”

“አልበደልሽኝም። እዚህ ይሻለኛል።”

“ቤቱ ምን አደረገዎት?”

“ቤቱ ደግ ነው። ልጅ ውለዱበት።”

ይኼን ሲሉ ፊቴን አላዩኝም፤ ዓይናቸው በትከሻዬ አልፎ ሄደ። ንቀት ነው ብዬ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ምግባቸውን ደጃፍ አስቀምጬ፣ ቁጭ ሳልል እመለስ ነበር። ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ አብሬያቸው አልበላሁም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

ዛሬ ምስማሩ ሲነቀል ስሰማ ቆርቆሮው አይደለም የሚቆጨኝ። አንድ ጊዜ ገብቼ ብቀመጥ ኖሮ በራሴ ዓይን አየው የነበረውን፣ ልጆቼን ወልጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው ከሰው የሰማሁት። የእማ ሀዋ ታናሽ እህት አሟት ልጠይቃት ሐይቅ ወርጄ፣ እሷ ነገረችኝ። እማ ሀዋ አናጢው ከመምጣቱም በፊት ጥላ ብቻ ነበር የሚያዩት። በክቡ ቤት ግድግዳውን ዳብሰው ከሄዱ መደቡም፣ ማሰሮውም፣ በሩም በየተራው እጃቸው ይገባል፤ አዲሱ ቤት ውስጥ ግን ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ መሄጃው ይጠፋቸው ነበር። ለማንም እንዳትናገር አስምለዋታል። ይመር ከሰማ ቤቱን ይተወዋል፣ ልጅቷ ደግሞ ቆርቆሮ አምሯታል ብለው።