ከአባቴ ፊት ለፊት

ባለፈው ሳምንት አንድ ሻይ ቤት ከማላውቀው ወጣት ጋር ጠረጴዛ ተጋርቼ ተቀምጬ፣ ልጁ ጋዜጣውን ፊቱ ዘርግቶ ሲያነብ እኔም ሻዬን እያማሰልኩ ከወዲህ ማዶ ሆኜ አብሬው ማንበብ ጀመርኩ። ገጹን ሊገልጥ ሲል "ቆይ፣ አልጨረስኩም" አልኩት። ደነገጠና "ላዙርልዎት እናቴ?" አለኝ። "ተወው ልጄ፣ እኔ ንባብ የተማርኩት ተዘቅዝቆ ነው" ስለው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ያስተማረኝ ቅናት መሆኑን በምን ያውቃል።

ያደግኩት ነገሌ ቦረና፣ ጦር ሰፈሩ አጠገብ ነው። አባዬ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ከጎጃም ተዛውሮ መጥቶ እናቴን፣ የቦረናዋን ልጅ፣ አግብቶ እዚያው የቀረ። ሰፈር ውስጥ ምልምሎች ድምፁን ሲሰሙ የሚርበተበቱለት ሰው፣ አመሻሹ ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ቀበቶውን ፈታ አድርጎ ደጃፋችን ካለው ግራር ሥር ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ይሆን ነበር። መቀመጫው ባዶ የጥይት ሳጥን ነው፤ ከሁለት ሰው በላይ አይዝም። ሁለተኛው ሰው አንደኛ ክፍል የገባው ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለሦስት ልጅ አንድ የሚያድለውን መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ ይዘረጉና፣ አባዬ በቀኝ እጁ ከመጥረጊያ በመዘዘው ስንጥር ፊደሉን እያመለከተ፣ በግራ እጁ ታደሰን ትከሻው ላይ አቅፎ፣ ቀለም ቀለም በሚሸት ጫማው መሬቱን መታ መታ እያደረገ ያስነብበዋል። እኔ የምቀመጠው ፊት ለፊታቸው፣ ባዶ ጀሪካን ላይ ነበር። "ያንቺም ተራ ይደርሳል" ይለኛል አባዬ፣ ቀና ሳይል።

ታደሰ ቶሎ የሚገባው ልጅ አልነበረም። ከግራሩ ጋር የምናስራት ፍየላችን እንኳ በቃሏ የያዘችው የሚመስለኝን መስመር እያንጠለጠለ ይቆማል። አባዬ ግን አይቆጣም፤ ስንጥሩን ፊደሉ ላይ እንደተከለ "ቀስ በል የኔ አንበሳ፣ ፊደሉ የትም አይሄድም" ይለዋል፤ ክንዱንም ጠበቅ ያደርጋል። እኔን ያቃጠለኝ ይኸው ነው። ወንድሜ በተደናቀፈ ቁጥር ይታቀፋል፤ ባልገባው መጠን እቅፉ ይረዝማል። አንድ ቀን ስንጥሩን ሰባብሬ ጣልኩት፤ አባዬ ከመጥረጊያው ሌላ መዘዘና ካቆመበት ቀጠለ። እናቴ ወተት የምትንጥበትን ቅል እየወዘወዘች ትታዘበኝ ነበርና፣ "አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ወንድምሽን ሊበላው ነው። ኮቱ፣ እኔ ጋ ነይ" ትለኛለች። አልሄድም። የእሷ ጭን ቀኑን ሙሉ የእኔ ነበር፤ የቸገረኝ የሳጥኑ ላይ ቦታ ነው።

እንዲህ ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። ታደሰ በመከራ አንባቢ ሆነና አንድ ቀን አባዬ "ነገ ያንቺ ተራ ነው" አለኝ። በማግስቱ ከቀትር ጀምሮ ታጥቤ፣ ጸጉሬን ቅቤ ተቀብቼ፣ የበዓል ቀሚሴን ለብሼ ጠበቅሁት። መጣ፤ ሳጥኑ ላይ ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ ያ ክንድ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ከብዶኝ ነበር፤ ክብደቱም ደስ አለኝ። ከዚያ መጽሐፉ ሲዘረጋ ፊደሎቹ በሙሉ ተዘቅዝቀው አየኋቸው። አዞርኩት። አባዬ የምጫወት መስሎት መለሰው። እንደገና አዞርኩትና፣ እሱን ላስደስት ብዬ፣ ትንፋሽ ሳልሰበስብ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበነብኩት።

ስንጥሩ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ፣ ክንዱንም አንስቶ እናቴን ጠራት። "ነይ፣ ነይ ይህችን ጉድ ስሚ!"

"ያ ዋቃ! ማን አስተማራት?" አለች እናቴ፣ ቅሉን እንደያዘች።

"ማንም። ከፊት ለፊት ቁጭ ብላ ሰርቃን ነው እንጂ! ቄስ ትምህርት ቤት አንዱን ዳዊት ስንከበው እንዲህ የሚያነብ ልጅ ነበረን። እሷማ ጨርሳለች፣ ምን ቀራት? ሂጂ ተጫወች የኔ ልጅ።"

መጽሐፉን ማቅናቱን ትምህርት ቤት ስገባ በጥቂት ቀን ለመድኩት። ክንዱ ግን አልተመለሰም። ችያለሁና ምን ያደርግልኛል? ይባስ ብሎ፣ ከሰፈር ጓደኞቹ በመጡ ቁጥር "የኔን ልጅ አላያችሁም" ይልና ጀሪካኑ ላይ ያስቀምጠኛል፤ ታደሰ ከጎኑ ሆኖ መጽሐፉን ይይዝልኛል፤ እኔ ከማዶ አነባለሁ፤ እነሱ ያጨበጭባሉ። በዚያ ጭብጨባ መሐል ወንድሜን እንዴት እንደጠላሁት አምላክ ያውቃል።

ብዙም ሳይቆይ አባዬ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሄደ፤ በዚያው ቀረ። መንግሥት ሲለወጥ ጊዜ ከነገሌ በጥድፊያ ስንወጣ ደግሞ የነበረን አንድ ፎቶው ከቤቱ ጋር ቀረ።

አሁን ታደሰም እኔም ሸብተናል። ለፋሲካ ቤቴ መጥቶ ሳለ ልጆቹ አያታቸው ምን ይመስሉ እንደነበር ጠየቁት፤ ጨዋታውን ወደ ሌላ መለሰው። ኋላ ለብቻችን ስንሆን "ፊቱ ጠፍቶብኛል" አለኝ። "ሁልጊዜ መጽሐፉን ነበራ የማየው። አንቺ ታድለሻል፣ ስታዪው ኖረሻል።" እውነቱን ነው። ታደሰ ፊደሉን ከመጥራቱ በፊት የአባዬ ከንፈር ቀድሞ እንዴት እንደሚላወስ፣ ግራ ዓይኑ ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብ ሲስቅ እንዴት ከፍ እንደምትል፣ ሁሉንም ነገርኩት። እየሰማኝ ሳለ ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ነገር ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ ሲቀናብኝ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አልሆነልኝም። ያን ፊት ከነሳቁ ለእሱ ሰጥቼ፣ እኔ ክንዱ ሥር ሆኜ፣ ሳልችል፣ በየፊደሉ እየተደናቀፍኩ፣ ያችን አንድ ገጽ እስኪመሽ ባነብ እመርጥ ነበር።