ቀበቶውን ወዳጣው ታከለ ዘንድ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ቤር ሼቫ

ለባለቤቴ የታመመ ጓደኛ ልጠይቅ ነው ብያት ወጣሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ ታከለ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ቦክስ ካቆመም አራት ዓመት ሆኖታል። ሌላውን ግማሽ ግን አልነገርኳትም። ወድቆ ላየው ፈልጌ ነበር።

ከታከለ ጋር ልጆች ሆነን ከጎንደር ወደ እስራኤል የመጣነው በአንድ ሰሞን ነው። ቦክስም የጀመርነው በአንድ አሰልጣኝ ስር ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሲሆነን አሰልጣኙ ከሁለታችን አንዱን ብቻ ወደ ውጭ አገር ግጥሚያ ወሰደ። ታከለ ሄደ፤ አሸነፈ። በሦስተኛው ዓመት የቻምፒዮንነቱን ቀበቶ ታጥቆ ፎቶው በየጋዜጣው ወጣ። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ሆንኩ። በቴሌቪዥን ባየሁት ቁጥር ምግቤን ትቼ እነሳ ነበር። በኋላ በሰባተኛው ዙር ተዘርሮ ቀበቶውን የተነጠቀ ዕለት ግን በልቼ፣ ጠግቤ ተኛሁ።

በባቡር

ባቡሩ በወታደሮች ተሞልቶ ስለነበር እስከ ቴል አቪቭ ቆሜ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ መቀመጫ አገኘሁ። የብርቱካን እርሻው አልፎ አልፎ ታየኝ፤ በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ከባሕሩ ዳር ብቅ አሉ። ታከለ ወደሚኖርባት ሀደራ መሀል ከተማ ገብቼ ቡሬካስ የሚሉትን ድንች የተሞላ የተጋገረ ሊጥ በአሥራ ሁለት ሼቄል በላሁ። ባዶ እጅ አይኬድምና ከገበያው አንድ ኪሎ ተምርም ያዝኩ።

ቤት ኤሊዔዘር

ታከለ ሰፈር ደርሼ ከአውቶቡስ ስወርድ አንዲት እናት ጥላ ስር ተቀምጠው አገኘሁ። «እማማ፣ የታከለን ቤት ያውቁታል?» አልኳቸው።

«የኛን ታከለ ነው?» አሉና ተነስተው እስከ ደጁ አደረሱኝ። መንገዱን ሙሉ ወሬያቸው እሱ ነበር። አሁን የትምህርት ቤት በር ላይ ሾሜር ሆኖ ይጠብቃል፤ ሊፍቱ የተበላሸ ጊዜ ደግሞ የሽማግሌዎቹን ዕቃ ተሸክሞ ያወጣል። እኔን ይህን ያህል ዓመት አውቶቡስ ስነዳ «የኛ» ያለኝ ሰው የለም። ወድቆም አስቀናኝ።

ታከለ በሩን ከፍቶ በደህናው ዓይኑ አተኩሮ ካየኝ በኋላ ነው የለየኝ። አቅፎ ሳመኝ። ሻይ ሲቀዳልኝ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰው፤ በጨርቅ ጠረገና እንደገና ቀዳ። ላየው የመጣሁት ይህንን ነበር። ደስ ግን አላለኝም።

ቀበቶው እጁ በነበረ ጊዜ ስልኩ አላርፍ ይል እንደነበር፣ ሲሸነፍ ግን ማናጀሩ እንኳ እንዳልደወለለት፣ ሐኪሞች እየከለከሉት ሁለት ጊዜ ተጋጥሞ ዓይኑን እንዳጣ አጫወተኝ። ከዚያ ቀኝ እጄን አየና «ያ እጅህ ደህና ዳነልህ? እኔ እኮ አንተ ስለተጎዳህ ነው የሄድኩት» አለኝ።

እውነቱን ነው። አሰልጣኙ መጀመሪያ የመረጠው እኔን ነበር። እጄን አሞኛል ብዬ ቀረሁ፤ ሁሉም አመነኝ።

«እጄ ደህና ነበር» አልኩት። «ፈርቼ ነው።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለ። «ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አስመለሰኝ። ከዚያ ስሜን ጠሩ፣ ወጣሁ።»

አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኘኝ፤ በዚያች አጭር መንገድ ሦስት ሰው አስቁሞ ሰላም አለው።

ቤት

ባለቤቴ እራት አቅርባ በሽተኛው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደህና ነው አልኳትና ስለ እጄ ነገርኳት። ሃያ ዓመት ሙሉ ታከለ ቦታዬን ነጠቀኝ እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ልጆቼም የሚያውቁት ያንኑ ነው። ሀደራ ሄጄ ያመንኩት ቦታውን ራሴ እንደለቀቅሁለት ነው። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ዛሬ የምቀናበት እየፈራ በመውጣቱ ነው።

ባለቤቴ ሳህኑን አስቀምጣ ተቀመጠች።

«ለልጆቹስ ማን ይነግራቸዋል?» አለችኝ።

«እኔ» አልኳት።