ፋና ያልጠየቀችው ስም

ፋና ነገረ መለኮት ልትማር ነው ሲባል በአሜሪካው የሐበሻ ሰፈር ፌርፋክስ ላይ ያልሳቀ አልነበረም። ቀን እዚያው አጠገብ ሚድ ሲቲ ውስጥ አንዲት አሮጊት ስታጥብና ስታበላ የምትውል ሴት፣ ማታ በባስ ሄዳ ከፈረንጅ ቄሶች ጋር ስለ ፍትሕ ልትከራከር! የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች መቼ ነው መስቀል የምታሳልሚን እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም አብራ ትስቅና ባሱ እንዳያመልጣት ትሮጣለች። ነገረኛ አይደለችም፤ ግትር ግን ናት፣ እሱን ማንም አይክድላትም።

ትምህርት ቤቱን ወደደችው። እዚያ አብረው ይጸልያሉ፣ አብረው ሾርባ ይጠጣሉ፣ የጽዳት ሠራተኛ ያለአግባብ ሲባረር አብረው ሰልፍ ይወጣሉ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ተማሪዎቹ ተከፋፍለው ጎዳና ለሚያድሩ ሰዎች ምግብ ያደርሳሉ። ለፋና የደረሳት የገዛ ሰፈሯ ፌርፋክስ ነበር። እዚያም ጸጋዬ አለ።

ጸጋዬ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ የማይጠፋ፣ ጢሙ ደረቱን የሸፈነ ሰው ነበር። አንዳንድ ቀን ደህና ያወራል፣ አንዳንድ ቀን ከራሱ ጋር ይጣላል። መጀመሪያ ቀን ምግቡን በሁለት እጁ ተቀብሎ የክርስትና ስሟን ጠየቃት። ወለተ ማርያም አለችው። ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም፤ ሲጸልይም እንደሚያነሳት ነግሯታል። ሦስት ሴሚስተር እንዲህ ሆነ። ስለሱ ፔፐር ጽፋ ኤ አገኘች፣ መምህሯም ለክፍሉ አስነበበቻት።

ጥር ላይ ትልቅ ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግስት፣ ጸጋዬ እዚያው ደጃፍ ላይ ሞቶ ተገኘ።

ትምህርት ቤቱ አልጨከነበትም። ዶርካስ የምትባል አሜሪካዊት የክፍል ጓደኛዋ አስተባብራ የቀብር ቦታ ተገኘ፣ አስከሬኑም ተለቀቀላቸው። ለፋና የቀራት ፍትሐት ብቻ ነው። ኦርቶዶክስ የሆነ ሰው ሳይፈታ እንደ ዕቃ አይቀበርም ብላ ወደ ንስሐ አባቷ፣ ወደ ቀሲስ ሀይለገብርኤል ሮጠች። እሳቸውም ሳያቅማሙ እሺ አሉና እስክሪብቶ አወጡ።

«የክርስትና ስሙ ማነው?»

ፋና አታውቀውም። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ በስሟ ሲጸልይላት፣ እሷ አንድ ቀን እንኳ አንተስ ማን ትባላለህ አላለችውም። ሾርባው ሞቆ እንደሆነ ጠይቃዋለች። ካልሲ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቃዋለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቀሲስ ፍትሐት ያለ ስም እንደማያደርሱ፣ ቀብሩ ቅዳሜ ስለሆነ እስከዚያ የሚያውቀው ሰው እንድትፈልግ ነገሯት።

ምግብ ቤቶቹን ዞረች። ሁሉም ምስኪን ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ አለቀ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አንድ ነገር ነገራት። ሎንግ ቢች የምትኖረው ሙሉዬ እሁድ ጠዋት ወደ ቅዳሴ ስትሄድ አንድ ፌስታል ጸጋዬ አጠገብ አስቀምጣ፣ ዓይኑን ሳታይ ታልፍ ነበር፤ ደግ ሴት ናት፣ እሷን ጠይቂ አላት። እትዬ ሙሉዬን ፋና ታውቃታለች። የዚያው የቀሲስ ደብር ምእመን፣ ሆስፒታል የምትሠራ፣ ባሏ ፍሬው የሞተባት ሴት ናት። ልጇ ሶሊያና ከፋሲካ በኋላ በተክሊል ልታገባ ሽር ጉድ ላይ ናቸው።

ፋና ቤቷ ሄዳ የጸጋዬን መሞት ስትነግራት ሙሉዬ የቆመችበት ወለል ላይ ቁጭ አለች። ልጇ እንዳትሰማ በሩን አስዘጋቻትና ነገረቻት። ጸጋዬ የተባለው ፍሬው ነው፤ ባሏ ነው። አእምሮው ተነክቶ ከቤት ወጣ፣ ቬጋስ ሞተ የሚል መርዶ መጣ። አስከሬን ሳይመጣ አለቀሱ፣ ቀሲስ ፍትሐት አደረሱ፣ ተዝካሩም ተበላ። ከዓመት በኋላ ከቅዳሴ ስትመለስ ፌርፋክስ ላይ ቁጭ ብሎ አየችው።

«አየኝ። ልጠራው ስል ፊቱን አዞረልኝ» አለች። «ሞተ ተብሎ እንደተለቀሰለት ሰምቶ ነበር መሰለኝ። እኔም አለፍኩ። ተዝካሩን የበላ ሰው ፊት ምን ብዬ ላምጣው? ስሙን እንኳ የቀየረው ለእኛ ብሎ ነው።»

ስሙ ወልደ ሰንበት ነው አለቻት። ግን በየዓመቱ ሙት ዓመቱን ስታስብ ለቀሲስ የምትሰጠው ይህንኑ ስም ነው። ሲሰሙት ወዲያው ያውቃሉ፣ በሕይወት ያለ ባሏን ሙት ዓመት ስታስብ ኖራለችና ከቁርባን ያግዷታል፣ ሰዉም ለምን ታገደች ይላል፤ ያኔ የሶሊያና ሠርግ አበቃ። ሌላ ደብር ብትሄጂም መጀመሪያ የሚደወለው ለሳቸው ነው አለችና የፋናን ጉልበት ያዘች።

ፋና በባስ ተመለሰች። በሙሉዬ ተናደደች፣ በራሷም ተናደደች። ያ ሁሉ የክፍል ክርክር፣ ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ለተረሳ ሰው ስሙን መመለስ አልነበረም እንዴ? ነበር። ግን ሰውየው ራሱ ፊቱን ካዞረ፣ እሷ በየትኛው አፏ ነው ተነስታ ስሙን የምታወጣበት?

ዓርብ ከሰዓት ቀሲስ ራሳቸው ደወሉ። አገኘሽው ወይ አሏት።

«አላገኘሁም አባቴ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስታበዪው አልጠየቅሽውም?»

«አልጠየቅኩትም።»

ይቺኛዋ እውነት ነበረች። ቀሲስ በረጅሙ ተነፈሱና፣ በእናንተ ትምህርት ቤት የሰው ስም መጠየቅ አያስተምሩም ወይ ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ ቀሲስ በሌሉበት ተማሪዎቹ መቃብሩ ዳር ሻማ ይዘው ቆሙ፣ ጊታር ተመታ፣ ተዘመረ። ዶርካስ ስለ ፋና ተናገረች። ጸጋዬን ማንም ሰው ባላየው ጊዜ ያየችው እሷ ናት አለች፤ አንዳንዱም አለቀሰ። ከዚያ በራስሽ ቋንቋ ጸልዪለት አሏት። ፋና አባታችን ሆይን ጀምራ እስከ መጨረሻው ደገመች። ከአሜን በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወልደ ሰንበት አለች። ሌሎቹ የጸሎቱ ማሳረጊያ መስሏቸው እነሱም እንደሷ አሉ፣ ከዚያ አፈሩ ተመለሰ።